ላልሠራሁት ኃጢአት

ቤተ ክርስቲያን ከምእመኑ መሐል ስቆም ልቤ ትደልቃለች። መጀመሪያ በቀስታ ነበር፤ ኋላ ግን ከበሮው እንኳ በእሷ ያፍር ጀመር። አየሩ ያልቅብኛል፣ እጄ ይደነዝዛል። ቅዳሴ ደግሞ አንዴ ከተገባ «እትዉ በሰላም» ተብሎ እስኪሰናበቱ አይወጣም። አንድ እሑድ አቋርጬ ስወጣ በረገጥኩት እግር ብዛት የደብረ ማርቆስ ሕዝብ ግማሹ ሳምንቱን ሲያነክስ ከረመ። ሐኪሙ «ጭንቀት ነው» አለኝ። የሚያስጨንቀኝን ነገር ብፈልግ ግን አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ጥድ ሥር ቆሜ ነው የማስቀድሰው።

በእኛ ዘንድ ውጭ የሚቆም ባለትዳር ምክንያቱ አይጠየቅም፤ ከሚስቱ ጋር አድሯል። ወር ሙሉ ያየኝ የሥራ ባልደረባዬ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ እንኳ አታርፍም?» አለኝ።

«ምን ላድርግ፣ የጎልማሳ ደም ነው!»

ሳቅን። ፈሪ ከመባል ጉልበታም መባል ይሻላል። እውነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ግን ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ታልፈኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀልዱ አለቀ። በጾም ማን ከሚስቱ ጋር ይተኛል? እዚያው ጥድ ሥር ቆሜ ብታይ «ውሽማ ይዟል» ተባለ። ወሬው ከገበያተኛ ጋር አባቴ ወደሚኖሩበት ይጁቤ ወርዶ ጆሯቸው ደረሰ።

በጾሙ እኩሌታ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ አባቴ ከመደቡ ለመነሣት ግድግዳ ያዙ። ጉልበታቸው አብጧል።

«ምን ሆኑ አባዬ?»

«ስግደት ነው።»

«በዚህ ዕድሜ ስንት ቢሰግዱ ነው?»

«የኔንስ ጨርሼ ነበር። ያንተን ነው የያዝኩት።»

ለካ ከነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው «የልጄን ቀኖና ለእኔ ስጡኝ» ብለው ተቀብለዋል። እንደ ልማዴ ቀልድ አፌ ላይ መጣ፤ ጉልበታቸውን ሳይ ዋጥሁት።

«አባዬ፣ ሴት የለችም። ውስጥ ስገባ እፈራለሁ። የምሞት ይመስለኛል።»

«ማንን ነው የምትፈራው?»

«አላውቀውም።»

«በእግዚአብሔር ቤት?»

«በእግዚአብሔር ቤት።»

ከውሽማዋ ይልቅ ይኼኛው ከበዳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ኃጢአት በሆነልህ! ኃጢአትማ ቀኖና አለው።»

ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሩ፣ ለስግደት ወደቁ።

«አባዬ፣ ነገርኩዎት እኮ! ይተዉት።»

«ሌላ የማውቀው የለኝም» አሉ፣ ግንባራቸው መሬት ላይ እንዳለ።

ብተዋቸው እዚያው ሊቀሩ ነው። ብብታቸውን ይዤ አነሣኋቸው። እንደገና ወደቁ፤ እንደገና አነሣኋቸው።