ስማቸውን ሳልጠይቅ

ባለፈው እሁድ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ በጸሎት የሚታሰቡ ያረፉ ሰዎችን ስም ላስመዘግብ ተሰለፍኩ። የእናቴን አስጻፍኩ፣ የአባቴን አስጻፍኩ። ወጣቱ ዲያቆን እስክሪብቶውን አንስቶ «ሌላ አለ እናቴ?» አለኝ።

«አለ። እማማ አስካለ።»

«የክርስትና ስማቸው?»

«አስካለ ብለህ ጻፈው።»

«እንዲሁ አስካለ ብለን አንጠራም እኮ እናቴ። የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ።»

«አላውቀውም» አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴትዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጁ ግን የደግ ልጅ ነው፤ «እሺ፣ ቦታውን ክፍት እተወዋለሁ፤ ጠይቀው ይምጡ» አለኝ። ማንን ልጠይቅ? ከአጥሩ ውጪ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና በዚህ ዕድሜዬ አለቀስኩ። ያየኝ ሰው የሙት ዓመት ያለብኝ መስሎት ነው መሰለኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎኝ አለፈ።

ነገሩ የቆየ ነው። ያኔ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ካዛንቺስ ነው፤ ወደ ኡራኤል ከሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ። ግቢው ዛሬ የለም። ከወራት በፊት ሳልፍ የት ጋ እንደነበረ እንኳ መለየት አቅቶኝ አስፋልቱ ዳር እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ። የኛና የእማማ አስካለ ቤት ግን አንድ ቤት ነበር ማለት ይቻላል፤ መሃል ላይ ያለው ግድግዳ ኮምፖርሳቶ ነው፤ በኛ በኩል ጋዜጣ ለጥፈንበታል። እሳቸው ሲያስነጥሳቸው እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ይማርዎ» እላቸዋለሁ።

እማማ አስካለ ከሰሜን የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ጥጥ ይፈትላሉ። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ሲሄዱ እግራቸው ድምፅ የለውም። ይሄ ድምፅ አለመኖሩ ራሱ በኋላ ወንጀል ሆነባቸው።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አባቴ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፋ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ያው ስም ብቻ። ሌሊቱን ስገላበጥ፣ አልጋው ሲጮህ፣ ሳለቅስ፣ ይነጋል። እናቴ ያልሞከረችው የለም፤ ወተት በጤና አዳም አጠጣችኝ፣ ጸበል አስጠመቀችኝ፣ በቁጣም ሞከረችው። ስታዲየም አጠገብ ታይፕ እማር ነበር፤ አንድ ቀን መተየቢያው ላይ ድፍት ብዬ ተኝቼ፣ አንድ መስመር ሙሉ «ተተተተተ» ጽፌ ነቃሁ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ስደርስ ግን አለቀስኩ።

ሁዳዴ ሲገባ እናቴ አገር ቤት የታመመች እህቷን ልታስታምም ሄደች። ስትሄድ «የሚያስፈራሽ ነገር ካለ ግድግዳውን አንኳኪ፤ እማማ አስካለ አሉልሽ» ብላ ነበር የሄደችው።

ብቻዬን ባደርኩ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከግድግዳው ወዲያ ክብሪት ተጫረ። ከዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ። እማማ አስካለ ይጸልያሉ። ምን እንደሚሉ አይለይም፤ ብቻ አያቋርጥም፤ ሽሮ ምድጃ ላይ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ እንደሚሰማው ነው። ጆሮዬን ወደ ጋዜጣው አስጠጋሁ። ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች! በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ሌሊት እንደዚያው። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም ያኔ ለማንም ያልተናገርኩት ይህንን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አምሽቶ ድንገት ቀጥ አለ። በዚያ ጸጥታ የእማማ አስካለ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ወለተ ኪዳንን… ዓይኗን ጨፍን…» የቀረውን ዋጡት።

ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ።

የዛሬ ልጆች የክርስትና ስማቸውን ፌስቡክ ላይ ይጽፋሉ፤ በኛ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ «የክርስትና ስምሽን ለሰው እንዳትናገሪ። ድግምተኛ እጅ ከገባ አለቀልሽ፤ በሱ ነው የሚደግሙብሽ» ትለኝ ነበር። ስሜን የሚያውቁት እሷ፣ የክርስትና እናቴና የንስሐ አባታችን ብቻ ናቸው። ታዲያ እኚህ ሴትዮ ከየት አመጡት? በሌሊትስ ምን ያደርጉበታል? አባቴስ በምን ሞተ? እንቅልፌንስ የወሰደው ማነው? ሲነጋ ሁሉም ነገር መልስ አግኝቶ አደረ፤ የእንቅልፍ እጦት ሰውን ብልህ የሆነ ያስመስለዋል።

እትዬ ጽጌን ቤት ጠራኋት። እትዬ ጽጌ ፊት ለፊታችን የምትኖር፣ የግቢያችን ሬዲዮ ናት። እዚያው አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

«ሌሊት ስሜን ሲደግሙበት ሰማሁ።»

«የትኛውን ስምሽን?»

«የክርስትናውን።»

«በስመ አብ! ከዚያስ?»

«‹ዓይኗን ጨፍንባት› አሉ።»

እዚህ ላይ ልቁም። «ጨፍንላት» እና «ጨፍንባት»፤ የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው። አንዱ እናት ለልጇ የምትለምነው ነው፣ ሌላው ጠላት የሚመኘው። እኔ ያቺን ፊደል አልሰማሁም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልሰማሁም። «ባት»ን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ጽጌ «ከዚያስ?» ብላ ዓይኗን ስታፈጥብኝ፣ ወሬዬ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ጨመርኳት።

ጽጌ ወሬ ስታወራ ከማን እንደሰማች አትናገርም፤ ራሷ ያየች አስመስላ ነው የምታወራው። በሳምንት ውስጥ ወሬው የኔ መሆኑ ቀረ። የሞቱት ዶሮዎች፣ የአንዷ ልጅ ኩፍኝ፣ የሌላዋ ባል መስከር፣ ሁሉም በእማማ አስካለ ተሳበበ። እናቶች ልጆቻቸውን በደጃፋቸው እንዳያልፉ ከለከሉ። የማርያም ማኅበር ጽዋ ተራቸው ሲደርስ ዘለሏቸው። ጨው የሚበደራቸውም፣ የሚያበድራቸውም ጠፋ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ፋሲካው ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጦመው፣ ካዛንቺስ በሙሉ ዶሮ ዶሮ እየሸተተ፣ ማንም «ግቡ፣ አብረን እንግደፍ» ሳይላቸው ብቻቸውን ገደፉ። በግድግዳው በኩል የሳህን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሳህን።

የሌሊቱ ድምፅም ከዚያች ከጽጌ ቀን ጀምሮ ቆመ። ክብሪቱ ይጫራል፣ ከዚያ ምንም። እኔ ደግሞ «አያችሁ፣ ሲነቃባቸው ተዉት» አልኩ። እንቅልፌም አብሮ ሄደ፤ እሱንም በሳቸው ላይ ደመርኩት።

እናቴ በዳግማይ ትንሣኤ ተመለሰች። ቅቤዋንና ጥሬዋን ከማውረዷ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«ምነው ዓይንሽ? አሁንም አትተኚም? እማማ አስካለ አደራዬን በሉ እንዴ?»

«የምን አደራ?»

«የክርስትና ስምሽን ሰጥቻቸው ነው እኮ የሄድኩት። ‹እኔ እስክመለስ በየሌሊቱ አስቡልኝ፣ እንቅልፍ አጥታለች› ብዬ። ለሌላ ሰው እሰጣለሁ እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ጥሬውን ስትለቅም ተንደርድሬ ወጥቼ የእማማ አስካለን በር አንኳኳሁ። እንዝርታቸውን ይዘው ከፈቱ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ተነሺ፣ ተነሺ ልጄ።»

«ሳላውቅ ነው እማማ፤ ክፉ ነገር አወራሁብዎ…»

«አውቃለሁ። ግድግዳው ለኔም እኮ ያው ግድግዳ ነው። ለጽጌ ስትነግሪያት እዚህ ቁጭ ብዬ እየፈተልኩ ነበር።»

ይሄ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም ነበር። እኔ ስሰማቸው እሳቸውም ይሰሙኛል።

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? የፈራ ሰው ይቆጡታል? እንዳትፈሪ ብዬ ድምፄን ቀነስኩ እንጂ መጥራቱን አልተውኩም። አደራ ነዋ! በልቤ ስጠራሽ ነው የከረምኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።» ከዚያ ፈትላቸውን እያዩ «አንድ ነገር ብቻ» አሉ፤ «ለሰዎቹ ንገሪልኝ። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? የሰው ሰላምታ ናፈቀኝ።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ነገ አልነገርኩም። ከነገ ወዲያም። ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ተሰብስበው ልብስ ሲያጥቡ አያቸዋለሁ፤ አፌን ልከፍት እልና ጽጌ ቀና ብላ ስታየኝ እውጠዋለሁ። ውሸታም መባልን ፈራሁ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ «ምን ዓይነት እብደት ነው!» ብላ ተጣልታላቸው ነበር፤ ስም መስጠቷንም ተናገረች፤ ማን ሰምቷት! ወሬው ያኔ ከኔ ስም አልፎ ስንት ነገር ሆኗል፤ ደግሞም «ወዳጃቸው ስለሆነች ነው» አሏት። ሊያፈርሰው የሚችለው የጀመረው ሰው ብቻ ነበር። የጀመረው ሰው ደግሞ እራቱን በልቶ ግድግዳው ጥግ ይተኛል።

ሐምሌ ላይ የእህታቸው ልጅ ከአገር ቤት መጥቶ ወሰዳቸው። ዝናቡ ያካፋል። ግቢው በሙሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እናቴ ከልጁ ጋር ሳጥኑን ይዛ ቀደም ስትል፣ እኔ እንዝርታቸውንና ጥጣቸውን ይዤ እስከ ኡራኤል ታክሲ መቆሚያ ሸኘኋቸው። ጭቃው ውስጥ ክንዴን ይዘው ሲሄዱ ቆም አሉ።

«ነገርሽልኝ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ዞር ብለው ወደ መጣንበት አዩ። ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ። ታክሲ ውስጥ ገቡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ሰማን።

ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ወዲያ ማን እንዳለ አይሰማም። እንቅልፍ አሁንም እንደልቡ ነው፤ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ ግን እንደ ድሮው አልገላበጥም። ተነስቼ ከግድግዳው የተማርኩትን እላለሁ፤ «ዓይኗን በሰላም ጨፍንላት» እላለሁ፤ ለራሴ፣ ለልጄ፣ ስማቸውን ለማውቀው ሁሉ። «ላት»ን ረገጥ አድርጌ ነው የምላት። ብዙ ጊዜ አሜን ሳልል እንቅልፍ ይወስደኛል። ያን መጽናኛ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ተራቸው ሲደርስ ግን የምጠራበት ስም የለኝም። እሳቸው የእኔን ስም በአደራ ተቀብለው ስንት ሌሊት ቆሙበት፤ እኔ ደግሞ «የእርስዎስ ማነው?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። የማውቀውንም ስማቸውን አጠፋሁት።

ስለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። ጽጌ ሞታለች፤ ግቢው ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ግን ከዚያ ግቢ የወጣ፣ ወይም የዚያ ግቢ ሰው ልጅ፣ ይህን የሚያነብ ካለ፦ እማማ አስካለ ድግምተኛ አልነበሩም። ለእኔ እንቅልፍ ይለምኑ ነበር። «ባት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ትዕግሥት፣ ግድግዳው ጥግ የምተኛዋ። ነገ ብዬ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ነገርኳችሁ።

የክርስትና ስማቸውን የምታውቁ ካላችሁም፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ንገሩኝ። ዲያቆኑ ቦታውን ክፍት ትቶልኛል።