የጭድ ጥጃ

በጣሊያን ጊዜ ልደታ፣ ከቤታችን ጓሮ አንዲት የሐበሻ ላም ነበረችን። የሐበሻ ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተት አትሰጥም። የእኛዋ ላም ጥጃዋ ገና በወሩ ሞተባት። አባቴ ቆዳውን ገፎ ጭድ ጠቀጠቀበትና አቆመው፤ እናቴ ጨው ነሰነሰችበት። ላሟም እሱን እየላሰች ትታለብ ጀመር።

አንድ ቀን ጣሊያናዊ የከብት ሐኪም ከአስተርጓሚው ጋር ከብት ሊመዘግብ መጣ። ላሟን ዞሮ ዞሮ አየና «ወተቷ ለድመትም አይበቃም» አለ። የእሱ አገር ላም ጥጃ አምጡልኝ ሳትል ባልዲ ትሞላለች አሉ። የጭዱን ጥጃ ሲያይማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«በጭድ የምትታለል ከብት!»

አስተርጓሚውም ሳቀ፤ እሱስ እንጀራው ነው። እኔም ሳቅሁ፤ እኔን ግን የቀጠረኝ አልነበረም።

በሳምንቱ ጣሊያኖቹ የሰፈሩን ሰው ልደታ ማርያም አጠገብ ሰብስበው፣ ግንድ ላይ በተቸነከረ የአለቃቸው ፎቶግራፍ ፊት አሰለፉን። ለፎቶግራፉ ሰላምታ ስጡ፣ እጅ ወደ ላይ ተባልን። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ እጇን አነሳች፤ በቃ እስኪባል ድረስም አላወረደችም። ሐኪሙ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ያን ቀን አልሳቀም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ፣ «ሁለተኛ በላሟ እንዳትስቂ» አለችኝ።