ገበታዬ ላይ የማላውቀው ቋንቋ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ መስቀል ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ሆኖም የሕፃን ጨርቅ እንድሠራ በታዘዝኩ ቁጥር እጄ መወርወሪያው ላይ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። የምጽፈው ራሴን ነጻ ለማውጣት እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ።

ሸማኔ ነኝ። የተወለድኩት ጨንቻ ነው። ወደ አርባ ምንጭ የወረድኩት በወጣትነቴ ሲሆን፣ አሁን ከሲቀላ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ግቢዬ ውስጥ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል መለየት የጀመርኩት የስኳር ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነው። ቀሪውን ልጆቼ ጨርሰው ከጣሏቸው ደብተሮች ተማርኩ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ስላልሆነ አዲስ ቃል ስሰማ እጽፈዋለሁ፤ ትርጉሙን ጠይቄም ከጎኑ አኖራለሁ። እንዲህ እያልኩ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ።

ቤቴ ሥርዓት አለው። ሳይጸለይ አይበላም። ገበታ ላይ ስልክ አይነካም። ሰው ባለበት መንሾካሾክ ክልክል ነው። የሚያንሾካሹክ ሰው ወይ ሊሰርቅ ነው ወይ ሊያማ ነው ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት።

ይህ ነገር ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አራተኛ ሕግ ጨመርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ምህረት ኮሌጅ ገብታ ነበር። ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት ምዕራብ ዓባያ የሙዝ እርሻ ላይ ከሚሠራ ወጣት ጋር ሄደች። ሽማግሌ አልተላከም፣ እኔም አልተጠየቅኩም። በሰፈራችን ሰው ሚስት ለመጠየቅ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው። የሰው ደጅ ቆሜ ለሰው ልጅ የለመንኩ እኔ፣ በራሴ ደጅ ላይ አንድ ሽማግሌ እንኳ አልቆመም። በዚያው ሳምንት ስሟ በዚህ ቤት እንዳይጠራ አልኩ።

ባለቤቴ ዓለምነሽ አልተከራከረችኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ትጠራኝ የነበረው "የምህረት አባት" ብላ ነው። በማግስቱ "የያሬድ አባት" አለችኝ። ያሬድ ታናሹ ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። የስሙን ለውጥ ልብ ብዬዋለሁ። የታዛዥነት ምልክት መሰለኝ።

ያሬድ በስልኩ ጌም ይጫወታል። ስልኩን ገበታ ላይ እንዳያመጣ መከልከል ችያለሁ፤ አፉን ግን አልቻልኩም። ኩርኩፋው፣ ያ የበቆሎና የሽፈራው ምግባችን፣ ሲዘገይ "ምግቡ ላግ አደረገ" ይላል። አዲስ ነገር ሞክሮ የማይሆንለትን ሰው "ኖብ" ይለዋል። ከፈተና ሲመለስ እንዴት ነበር ስለው "ጂጂ" ብሎ ያልፋል። ገሠጽኩት። ቋንቋ ያለው ሰው እንዴት የመጫወቻ ቋንቋ ይዋሳል ብዬ ብዙ ተናገርኩ።

ከዚያ ዓለምነሽ ጀመረች። አንድ ቀን እጃችንን እንድንታጠብ ስትጠራን "ሎቢ ግቡ" አለች፤ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው አሉ። ያሬድ ከሳቁ ብዛት ተንከባለለ፤ እሷም አብራው ሳቀች። ምህረት ከሄደች ወዲህ ባለቤቴ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቅናትም ነበረብኝ። እናትና ልጅ እየሳቁ እኔ ብቻዬን እንደ እንግዳ መቀመጤ አሳፈረኝ። ደብተሬን አወጣሁና ቃላቱን በድብቅ መጻፍ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ዓለምነሽ ሥራ አመጣችልኝ። ከቤተክርስቲያን የምታውቃት ሴት ልጇ ልትወልድ ስለሆነ የሕፃን ማቀፊያ ትፈልጋለች አለችኝ። ፈትሉ ቀጭን፣ ጨርቁ ለስላሳ እንዲሆን፣ ጥለቱ አረንጓዴና ቀይ እንዲሆን ነገረችኝ። ሰው የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ሲጠብቅ ደስ ይላል ብዬ አራት ቀን ሙሉ እግሬን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቼ ሠራሁት። ድሩን አንድም ቦታ አልበጠስኩም። በስተግራ ጠርዙ ላይ እንደ ልማዴ ሁለት ጥቁር ክር አስገባሁ። አባቴም አያቴም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ የቤታችን ምልክት ነው። ዓለምነሽ ጨርቁን ስትቀበለኝ ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ልስላሴውን እየለካች መሰለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እራት ላይ ተቀምጠናል። ያሬድ ከውጭ እየሮጠ ነበር የመጣው። ጸሎት እንዳበቃ እናቱን አየት አድርጎ እንዲህ አለ፦

"እማ፣ ሁለተኛዋ ፕሌየር ያን ከባዱን ሌቭል አለፈችው። አዲስ ፕሌየርም ስፖን አድርጓል።"

የዓለምነሽ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። "ኤችፒውስ?" አለች።

"የሁለቱም ፉል ነው።"

"ቦሱስ?"

"ቦሱ ኤኤፍኬ ነው።"

እኔ በደብተሬ ካሉት ቃላት አንዱ አሁን እንደሚገባ ተሰማኝ። ጨዋታ በደህና ሲጠናቀቅ የሚባለውን አውቀው ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ "ጂጂ" አልኩ።

ሁለቱም ክው አሉ። ከዚያ ያሬድ ከልክ በላይ ሳቀ። የዓለምነሽ ዓይን እንባ ሞላ። ከሳቅ የመጣ እንባ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ያን ምሽት በራሴ ኮርቼ ተኛሁ።

በማግስቱ የቀሩትን ቃላት ልጠይቅ ደብተሬን ይዤ ወደ ቃልኪዳን ሄድኩ። ቃልኪዳን የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሲቀላ ጌም ቤት ከፍታለች፤ የምህረት የልጅነት ጓደኛ ነች። ሽማግሌ ሰው ደብተር ይዞ ሲገባ በቦታው የነበሩት ወጣቶች ሳቁ። እሷ ግን ወንበር አቀረበችልኝ።

አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ስፖን ማለት አዲስ ተጫዋች ወደ ጨዋታው ሲመጣ ነው፤ እንደ መወለድ ቁጠሩት አለችኝ። ኤችፒ የተጫዋቹ ጤና ነው። ቦስ መጨረሻ ላይ መንገድ ዘግቶ የሚቆመው ኃይለኛው ነው፤ ሁሉም የሚፈራው።

"ኤኤፍኬስ?" አልኳት።

"እሱ ጋሼ፣ ስሙ ጨዋታው ላይ ይታያል፤ ሰውየው ግን የለም። የሚሆነውን አያይም።"

በደብተሬ ላይ የጻፍኩትን የማታውን ንግግር ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። መሐል ላይ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ። ሁለተኛዋ ፕሌየር ማን ናት ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ጋሼ፣ ይህን እኔን አይጠይቁኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ አልነበረም። ልጄ ወልዳለች። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ልጄ ያውቃል፣ ጌም ቤት ያለች የጎረቤት ልጅ ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሱንም ቢሆን በራሴ ገበታ፣ ፊት ለፊቴ፣ ድምፅ ሳይቀንሱ ነው የተነጋገሩት።

ቤት ገብቼ ምንም አልተናገርኩም። ቅዳሜ ዓለምነሽ የሴቶች ጸሎት አለኝ ብላ ወጣች። ያሬድም ጥናት አለኝ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ መናኸሪያ ሄድኩና የምዕራብ ዓባያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምል አስብ ነበር። ብዙ ኃይለኛ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

እዚያ ወርጄ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ሴት ጠየቅኩ። ከአርባ ምንጭ የመጣች፣ በቅርቡ የወለደች ልጅ እፈልጋለሁ አልኳት። "የሸማኔው ልጅ?" አለችኝና በእጇ አመለከተችኝ። እኔ ስሟን ከቤቴ ሳስወጣ፣ እሷ በእኔ ሙያ ስትጠራ ኖራለች።

ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ነበር። ዓለምነሽ፣ ያሬድና ምህረት ከሥሩ ተቀምጠዋል። ምህረት ሕፃን ታቅፋለች። የታቀፈችበት ጨርቅ ጥለቱ አረንጓዴና ቀይ ነው። ጠርዙ ላይ ሁለት ጥቁር ክር አለ።

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። እኔና ዓለምነሽ ልጆቹ ለትምህርታቸው እንዲረዳቸው ብለን በአማርኛ ነው ያሳደግናቸው፤ ጋሞኛ የሚሰሙት ጥቂት ነው። እነሱ እንዳይሰሙ የምንፈልገውን ሁሉ ፊታቸው ላይ በጋሞኛ እንነጋገር ነበር። ያን ቀንም ዓለምነሽን በጋሞኛ ጠየቅኳት፤ ይህን ጨርቅ ማን ሠራው አልኳት።

እሷ ግን ልጆቹ እንዲሰሙ በአማርኛ መለሰችልኝ።

"የምህረት አባት ነው የሠራው።"

ዓለምነሽ ቀጠለች። "ስሟን አትጥሩ አልክ፤ አልጠራንም። አትንሾካሾኩ አልክ፤ አልተንሾካሾክንም። ፊትህ ላይ ነው የተናገርነው።"

ምህረት ተነሥታ ልጁን ልትሰጠኝ ዘረጋችው። አልተቀበልኩትም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው። ጨርቁን ብቻ በጣቴ ነክቼ ዞሬ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ድረስ ያሬድ ከኋላዬ "አባ፣ አባ" እያለ ተከተለኝ። አልመለስኩለትም።

የመስቀል ዕለት የምህረት ባል የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ዘግይተው ነው የመጡት፤ ግን መጡ። እምቢ ልል ነበር። በደጋው በአባቶቻችን ሥርዓት ተደብቆ የኖረ በደል ጎሜ ይባላል። ካልተናዘዙት ከቤት አይወጣም፤ ልጅ ያሳምማል ይባላል። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በዚህ አላምንም። ሆኖም ያን ሕፃን አሰብኩና ደጁን ከፈትኩ። ዓለምነሽና ልጆቹ የደበቁኝን ተናገሩ። እኔም ምህረት ልጁን ዘርግታልኝ ሳልቀበለው መሄዴን በሽማግሌ ፊት ተናገርኩ። ከዚያ ልጁን ያዝኩት።

ይቅር ብያለሁ። ቁስሉ አልጠፋም። ወላጅ ቃል ሲከለክል ልጅ ሌላ ቃል እንደሚፈልግ አሁን አውቃለሁ፤ ዘዴውን በጋሞኛ ያስተማርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ዓለምነሽ ጨርቁ ለማን እንደሆነ ብትነግረኝ ኖሮ አልሠራም ነበር፤ ይህንንም አልክድም። ቢሆንም ሰው በገዛ እጁ ሥራ ሲታለል የሚሰማውን ሕመም የደረሰበት ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሁን በቤታችን የምህረት ስም ይጠራል። ያሬድ ግን እኔ ባለሁበት የጌም ቃል ከአፉ አያወጣም፤ ጥርት ባለ አማርኛ ነው የሚያናግረኝ። አንድ ቀን ኩርኩፋው ሲዘገይ እኔው "ላግ አደረገ" ብዬ ነበር። እናትና ልጅ ተያዩ። ማንም አልሳቀም።

የልጅ ልጄ አሁን ይሮጣል። የመጀመሪያው ጨርቅ ስላነሰው ባለፈው ወር ሁለተኛ ሠራሁለት። ለማን እንደምሠራ አውቄ፣ ምልክቱንም ተጠንቅቄ አስገብቼ ነው የሠራሁት። ሲያልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ አየኋቸው። ለማላውቀው ልጅ ብዬ የሠራሁት በሥራው ይበልጣል።