አንተ የሚለኝ ሰው

አጎቴ ካረፉ ወዲህ «አንተ» የሚለኝ ሰው የለም። እዚህ ባሕር ማዶ ያቋቋምነው እድር ሊቀመንበር ሆኜ በተመረጥኩ ማግስት አብሮ አደጎቼ ሳይቀሩ «እርስዎ» ማለት ጀመሩ። አጎቴ ግን በስብሰባ መሀል ከኋላ ወንበር ተነስተው «አንተ፣ ሰው አስጨርስ እንጂ» ይሉኝ ነበር። ፊቴ ሲጠቁር ይስቃሉ።

«ንጉሥ ዳዊትን ናታን ፊት ለፊት ሲገሥጸው ጥፋቱን አመነ። ንጉሥ አክዓብ ግን እውነቱን የነገረውን ኤልያስን እንደ ጠላት ቆጠረው። ሁለቱም በድለዋል፤ የተለያዩት ሲነገራቸው ነው» ይሉኝ ነበር አጎቴ።

ባለፈው ስብሰባ አዳራሻችንን ከፒዮሪያ ስትሪት ራቅ ወዳለው ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር እናዛውር አልኩ። ሁሉም እጁን አወጣ። እዚያው ፒዮሪያ አካባቢ የሚኖሩት፣ መኪና የሌላቸው እናቶች በምን ይመጣሉ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ይህን ያሰብኩት የአጎቴን ባዶ ወንበር ሳይ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ተበትኗል። የኪራይ ውሉን የምፈርመው በመጪው እሑድ ነው፤ እስካሁን እረፍት አጥቻለሁ።

ትናንት ለምክትሌ ደወልኩ። «እስቲ አንተ በለኝና የተሳሳትኩትን ንገረኝ» አልኩት።

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለኝ።