ቅቤ የተቀቡት የጠፈር ሰዎች

እኔ ቂመኛ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ማንም እንዳይታዘበኝ ነው። ሌላ ሰው ዕድሜ ሲገፋ ይረሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ዓመቱ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ይታወሰኛል።

ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመቱ አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ደብዳቤ የምጽፍለት አንድ ፈረንጅ የአፈር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ልጆቹ የተዉትን አንድ ካርቶን «ላንቺ ይሁን» ብሎ ሰጠኝ። ስከፍተው ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ትንንሽ ሰዎች ሞልተውበታል። ገሚሶቹ የጠፈር ልብስ የለበሱ፣ ምን እንደሚተኩስ የማይታወቅ መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮች ናቸው። ገሚሶቹ ደግሞ ካባቸው በነፋስ የተነፋ፣ ያለ ክንፍ የሚበሩ ጀግኖች። ቀለም የሚባል ነገር አልነካቸውም።

ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ የአሰላ ክረምት እንደሆነ ከቤት አያስወጣም። መቀባት ጀመርኩ። ቀጭን ብሩሽ ከተማው ውስጥ ስላልነበረ የጥፍር ቀለም ብሩሽ ወስጄ፣ ጠጉሩን በምላጭ እየቀነስኩ አራት አምስት ዘለላ ብቻ አስቀረሁለት። ቀለሙን ታፔላ ከሚጽፍ ሰውዬ ትርፍራፊ ለመንኩ፤ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ዘይት ቀለም ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አበላሸኋቸው። ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ወደቀ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ብረቱ ላይ የእጅ ወዝ እንኳ ካለ ቀለም አይዝም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን በሳሙና አጥቤ፣ በጨርቅ ይዤ፣ መጀመሪያ ነጭ ቀብቼ ሁለት ቀን አደርቅና ነው ወደ ቀለሙ የምገባው። ዓይናቸውን ስሠራ ትንፋሼን እይዛለሁ። አርባ ሰው ጨረስኩ፤ የበራሪዎቹን ካባ ሰማያዊ አደረግኩት። ጨለም ያለ፣ ዝናብ ሲያባራ ጭላሎ ተራራ ላይ የሚታየውን ዓይነት ሰማያዊ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የቦይና የመጋዘን ፕላን የሚሠራ አንድ ነዳፊ ነበር። ሰፊ ጠረጴዛ ያለው እሱ ብቻ ስለነበረ የምሳ ሰዓት እኔና እሱ እዚያ ላይ እንጫወትባቸው ነበር። የጨዋታውን ሕግ ፈረንጁ ከተወው ወረቀት ተርጉሜ በታይፕ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደ ሉዶ ባለ ነጥብ ኩብ እንጥላለን፣ በማስመሪያ እየለካን እናራምዳለን፤ የተመታው ሰው ሲወድቅ እሱ «ተሰዋ» ይልና እስክንፈርስ እንስቃለን። ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ አልዋሽም። ስንጨርስ ከነካርቶናቸው የእሱ መሳቢያ ውስጥ እንቆልፍባቸዋለን። ቁልፉ አንድ ነው፤ የሚቀመጠውም ነዳፊው ኪስ ውስጥ ነው።

ለአብዮት በዓል በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የሠራተኞች የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ይደረጋል ተባለ። ሥራው የተመረጠለት ሰው አዲስ አበባ ለሥዕል ትምህርት ይላካል። ይሄንን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ አንድ ነገር «የእሷ ነው» ተብሎ እንዲታይልኝ ፈለግኩ። የፈለግኩት ይሄንኑ ብቻ ነበር።

በመሃል ሲሬ ያለችው አክስቴ አረፈች። ለቅሶ ደርሼ በአራተኛው ቀን ስመለስ ኤግዚቢሽኑ ተከፍቷል። ሰዎቼ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ሰማያዊ ካባቸው ላይ ቀይ ተለቅልቆበታል። ከሥር «የሰፊው ሕዝብ ጠፈርተኞች ኢምፔሪያሊዝምን ሲደመስሱ» የሚል ወረቀት አለ፤ ከሱ በታች የነዳፊው ሙሉ ስም። ወረቀቱ የተጻፈው ደግሞ በእኔ ታይፕ ነው። «መ» ፊደሏ ስለምትንሻፈፍ አወቅኳት።

ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው፣ ምንም አላፈረም።

«እህቴ፣ አንቺ አልነበርሽም፤ የመመዝገቢያው ቀን እያለቀ ነበር» አለኝ። «ደግሞስ ታይፒስት አሻንጉሊት ቀባች ቢባል ማን ቁም ነገር ይለዋል?»

ኤግዚቢሽኑን የሚመራው ካድሬ ዘንድ ሄድኩ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ጓዲት፣ ጥበብ የሰፊው ሕዝብ ነው። ይሄ የእኔ፣ ያንቺ የሚሉት አስተሳሰብ ገና አልለቀቀሽም» አለኝ።

«ታዲያ የሱ ስም ምን ይሠራል እዚያ?»

«ወደ ሥራሽ ተመለሺ፣ ጓዲት።»

ተመለስኩ። አንጀቴ አርሮ ተመለስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ነዳፊው ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ከአዲስ አበባ መራጭ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ካድሬው ደግሞ ለእንግዳው በስጦታ የሚበረከቱ አሥር አዲስ ሰዎች ቀብተህ አቅርብ ብሎታል። ካርቶኑ ውስጥ ያልተቀቡ ቀርተዋል፤ እሱ ግን ሞክሮ ሞክሮ ቀለሙ እየተላጠ አስቸግሮታል። «ምስጢሩን ንገሪኝ» አለኝ። ይታያችሁ፤ ከሰረቀኝ በኋላ አሠራሩን እንዳስተምረው መምጣቱ።

ጎበሳ ከተማ አጠገብ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። እኛ አገር አዲስ የእንጨት ገበቴም ሆነ አዲስ የቆዳ ጠፍር በቅቤ ሳይታሽ ሥራ አይጀምርም፤ ይሄን ከእናቱ ጓዳ ያውቀዋል።

«አዲስ ዕቃ እናትህ ቤት በምን ነው የሚሟሸው?» አልኩት።

«በቅቤ» አለ ራሱ።

«እንግዲህ።»

ፊቱ በራ። ምን ያህል እንደሚቀባ ጠየቀኝ። «ሳትሰስት» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ «አይደርቅም እኮ» ሲለኝ «ብርዱ ነው፤ ታገሥ» አልኩት። እውነትም አሰላ ውስጥ የታጠበ ሸሚዝ እንኳ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አመነኝ።

እንግዳው የመጣ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ነዳፊው አሥሩን በትሪ አቀረበ። ሰውዬው አንዱን አንስቶ በመዳፉ ጨበጥ አደረገና ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ። ሲያወርደው ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ እጁ ላይ ቀርቷል። መዳፉ ቀይ ሆነ። ሊጠርገው ሲል ነጣ ያለው ካኪ ኮቱ ላይ አምስት ጣት አተመ። ካድሬው «ይሄ አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ጊዜ ይቺ ቃል ቀላል አልነበረችም።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ በሆዴ። ነዳፊውን ይዘውት ወጡ፤ ቀበሌ አሠሩት። ወደ አዲስ አበባም ማንም አልተላከ።

ከዚያ ፍርሃት መጣ። «ቅቤ ያለችኝ እሷ ናት» ይላል ብዬ በር ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ በመስኮት አይ ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ማንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን የቀበሌው ዘበኛ ነገረኝ፤ ማን አስተማረህ ሲሉት «ማንም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሏል። ያኔ ገባኝ። የኔን ስም ከጠራ አርባዎቹን የቀባሁት እኔ መሆኔን ማመን አለበት። መቀባት አይችልም ከሚሉት አሻጥረኛ ቢሉት መረጠ።

በነጋታው በራሴ እግር ቀበሌ ሄድኩ። አዝኜለት አይደለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ እንዲሰፍር ነው፤ ሊያሥሩኝም ከፈለጉ ይሁን ብዬ ነው። ዘበኛው በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ነይ ግቢ፣ ብሎ አስገባኝ። ሊቀመንበሩ ጠና ያሉ፣ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሰው ናቸው።

«እነዚያን አርባ ሰዎች የቀባሁት እኔ ነኝ። ቅቤ ቀባ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እንዲበላሽበት አውቄ ነው» አልኳቸው። «እባክዎ ይጻፉልኝ።»

ብዕራቸውን አስቀምጠው ነዳፊውን አስጠሩት። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ አድፏል። ያልኩትን ነገሩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቺ ታይፒስት ናት» አለ። «ብሩሽ ይዛ አታውቅም። አዝናልኝ ነው፤ አይስሟት።»

ብሩሽ ስጡኝና ላሳያችሁ ብል ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ደግ ልብ አለሽ። ሂጂ ቤትሽ» አሉኝ። እኔን ነው ደግ ያሉት።

ስወጣ የነዳፊው እናት ከጎበሳ ስንቅ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ነግሯቸው ኖሮ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው፤ እጄን ስመው ለልጃቸው ስል ራሴን አሳልፌ ስለሰጠሁ መረቁኝ። እሱ በሦስተኛው ሳምንት ተፈታ። ሰዎቼን የት እንዳደረሷቸው የነገረኝ የለም። የእኔ ስም ግን ከተማውን ዞረው፤ ነዳፊውን ከማፍቀሯ የተነሳ በሐሰት ልትታሠርለት የሄደችው ታይፒስት ተባልኩ። ዛሬም አሰላ ስሄድ እንደዚያ ብለው የሚያስታውሱኝ ሴቶች አሉ፤ እጄን ይዘው እንዴት ያለ ፍቅር ነበር ይሉኛል።