ጉርድ ሾላ ላይ የምትጠፋው ፒካፕ

ባለፈው እሑድ ለቁርስ የማርማላታ ጠርሙስ ስከፍት ክዳኑ «እስስስ» ብሎ አየር ሳበ። ጠርሙሱን እንደያዝኩ ሳቄ መጣ። ልጄ «ማሚ፣ ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ናፍጣ ሸተተኝ» አልኳት። ተቀብላኝ አሸተተችና እንጆሪ ብቻ እንደሆነ በቁም ነገር ነገረችኝ። እሷን በዚሁ አለፍኳት። ላንቺ ግን ከሥሩ ላውራሽ፤ ያንን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ፒካፕ ነበርና።

ደርግ ከወደቀ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ቤት መቀመጥ አልሆንልህ አለውና አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ገዛ። አንድ ጊዜ ሰማያዊ እንደነበረች የሚያስታውሰው ጣሪያዋ ብቻ ነው። ጎሮ ላሞች ካሉት ወዳጁ ወተት እየጫነ ቦሌ ላለች አንዲት ኬክ ቤት ማድረስ ጀመረ። ጎሮ ያኔ ከተማ ልትሆን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሣርና እበት ትሸት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ እንዳሰብኩት ሳይሆንልኝ ቀርቶ፣ ቤት ውስጥ አኩርፌ የተቀመጥኩ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ከግድግዳ ጋር ከምትጣይ ነይ ወተቱን ያዢልኝ» አለኝና አብሬው መሄድ ጀመርኩ።

አባቴ ዝምተኛ ነበር። ክፉ ዝምታ አልነበረም፤ ልክ ወሬ የሚባለው ነገር በሱ በኩል ሳያልፍ የቀረ ይመስል ነበር። እናቴ የሞተችው የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከሷ የቀረኝ አንድ ፎቶ ነበር፤ አፏን ገጥማ፣ ፎቶ አንሺውን ትንሽ የተቆጣች መስላ። ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ዘመድ ሁሉ ስጠይቅ «አይ፣ ደግ ሰው ነበረች» ይለኛል። ደግነትማ ድምፅ አይደለም። አባቴን ስጠይቀው ደግሞ ወይ ሻይ ይጠይቀኛል ወይ ውጭ የሚሠራ ነገር ትዝ ይለዋል።

ታዲያ ከፋሲካ በኋላ ይመስለኛል፣ ፒካፗ መቆም ጀመረች። ከጎሮ በደኅና እንነሳለን። አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ቁልፉን ያዞራል፣ ሳሊተ ምሕረትን እናልፋለን፣ ሲኤምሲን እናልፋለን፤ ጉርድ ሾላ ልንደርስ ስንል ጉልበቷ ይከዳታል። ታስላለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ትጠፋለች። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ፊልትሮው ላይ ያለችውን፣ ናፍጣ የምትስበውን የእጅ ፓምፕ ይጫናል፤ ፓምፗ ወርዳ እንደተጣበቀች ትቀራለች እንጂ ወደ ላይ አትመለስም። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ትነሳለች። ለወተት ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው። ባለኬክ ቤቷ ሴትዮ አንድ ቀን የተቆራረጠ ወተት በብረት ድስት ይዛ ወጣችና «አቶ፣ እኔ አይብ ቤት አልከፈትኩም» አለችው። አባቴ ጆሮው ድረስ ቀላ።

መካኒክ ያልነካት ጊዜ የለም። የመጀመሪያው ፊልትሮዋን ቀየረ። ሁለተኛው የናፍጣ ቧንቧዋን ፈትቶ በአፉ ነፋና ለሦስት ቀን ምግብ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለው። ሦስተኛው «ፓምፗ ሞታለች» ብሎ ፈረደ፤ አራተኛው የሦስተኛውን ስም ሲሰማ ሳቀና እሱም ያንኑ አለ። ሁሉም ሥራቸውን የሚጀምሩት የታንከሯን ክዳን ከፍተው ናፍጣ መኖሩን በማየት ነው። ክዳኑ ሥር ፌስታል ነበረ። ሁሉም ፌስታሉን ያነሳሉ፣ አጎንብሰው ያያሉ፣ ከዚያ ፌስታሉን በአክብሮት መልሰው ያለብሱና ክዳኑን ያጠብቃሉ። አየሽ፣ እኛ አገር ክዳን ሥር ፌስታል ማየት ማንን ይደንቃል? የዘይቱ ጀሪካን ላይ አለ፣ የማሩ ጣሳ ላይ አለ፣ የበርበሬው ዕቃ ላይ አለ። ማንም ምንም አላለም።

አሁን ስለ ደስታው ልንገርሽ። መኪናዋ ስትቆም አባቴ የሚሄድበት የለውም። የሚቆፍረው ጓሮ፣ የሚጠግነው አጥር የለም። ጋቢና ውስጥ እኔና እሱ ብቻ፤ ከፊታችን ባሕር ዛፍ፣ ከጀርባችን ወተቱን የያዘው ብረት ዕቃ ፀሐይ ሲነካው የሚያሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብለን ተቀመጥን። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መሪውን እየዳበሰ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እናትሽንም ያወቅኳት መኪና ተበላሽቶብኝ ነው» አለ። መተንፈስ አቆምኩ፤ ወሬው እንደ ወፍ ብርር ብሎ እንዳይሄድብኝ ብዬ።

ያኔ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይገባ፣ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ልጅ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ጋቢና ተሳፈረች። በእጅ የሚዞር የልብስ ስፌት መኪና ታቅፋለች። «ከኋላ ይጫን» ሲላት «አንተው ከኋላ ተጫን» አለችው። መንገዱን ሙሉ ብረቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እሱን በሩ ላይ ለጥፋ ሄደች። እዚህ ሲደርስ ፒካፗ ለመነሳት ደረሰችና ወሬው ተቋረጠ። በማግስቱ ጉርድ ሾላ ላይ ቀጠለ። ጣርማ በር ላይ የጭነት መኪናው ተበላሽቶ ሁለት ቀን ቆመ። ሾፌሩ ይራገማል፣ አባቴ ከመኪናው ሥር ተኝቷል። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስፌቷን አወጣችና «የናንተ መኪና ብትቆም የኔዋ ትሠራለች» አለቻቸው። የሾፌሩን ሱሪ ሰፋች። የሸራውን ቀዳዳ ጠቀመች። አባቴ የተቀደደ ነገር ስላልነበረው ኪሱን ራሱ ቀድዶ ወሰደላት። ይህን ሲነግረኝ አባቴ ሳቀ። ጥርሱን እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

አንድ ማክሰኞ አባቴ ቆሎ ሊገዛ ወረድ ሲል፣ እስቲ ናፍጣ አልቆ ይሆን ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ። ፌስታሉ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ እንደሚጠባ ሕፃን ጉንጭ ተሰርጉዶ ነበር። በጣቴ ጫፉን ሳነሳው ታንከሩ «እስስስ» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ገና ሩብ ሰዓት እንኳ አላረፈችም፤ ወዲያው ተነሳች። ቀስ ብዬ አጠፋኋት።

ለካ ስትታፈን ነው። ናፍጣው በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት ነበረበት፤ ፌስታሉ አላስገባ አላት፤ ስታርፍ ብቻ ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባላት ነበር። ያንን ፌስታል ያደረግኩት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ። ክዳኑ ላልቶ ናፍጣው እየተረጨ የወተቱ ዕቃ ናፍጣ ናፍጣ ሲል፣ ልክ እንደ ቤታችን ዘይት፣ ጥሩ አድርጌ በድርብ አለበስኩት። በሙያዬም ኮርቼ ነበር።

«አባዬ» ብዬ ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ቆሎውን በወረቀት ጠቅልሎ ሲመጣ አየሁት፤ ፊቱ ላይ ወሬ የሚቀጥል ሰው ፍጥነት ነበረበት። እናቴ ገና ጣርማ በር ላይ ነበረች። ፌስታሉን መልሼ አለበስኩና ክዳኑን አጠበቅኩ።

አውቄ ነው ያደረግኩት፣ አልዋሽሽም። ወተቱ እንዳይበላሽ ብቻ «አባዬ፣ ነገ ቀደም ብለን ብንወጣ?» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ በሰዓቱ እንደርስ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆንን። እናቴ አዲስ አበባ ገባች፣ አክስቷን አስቸገረች፣ አባቴን ሦስት ጊዜ እምቢ አለች፣ በአራተኛው «እስቲ ኪስህን አሳየኝ፣ አሁንም ቀዳዳ ነው?» አለችው። ያ እሺ ማለቷ ነበር።

አንድ ረቡዕ ግን ልቤ ደፈረና የምፈልገውን ጠየቅኩ። «ድምፅዋስ፣ አባዬ? ድምፅዋ ምን ይመስል ነበር?»

አባቴ ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞረ። ቁልፉን ነካ፣ ተወው። ቆይቶ «ቅዳሜ ገዢ ይመጣል» አለ። «ልሸጣት ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት መሪ ጨብጬ፣ አንዲት ፒካፕ ምን እንደነካት የማላውቅ ሰው ሆንኩ። እንዲህ ከሆነ ሾፌር አይደለሁም።» ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ይመለከታቸው ነበር፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል። እኔ ወሬ ስሰማ እሱ ምን ሲያጣ እንደከረመ ያኔ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ፌስታሉን አውጥቼ ጣልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጉርድ ሾላ ስንደርስ አባቴ ትከሻው ተወጠረ። ፒካፗ አላሳለችም። መገናኛን አለፍን፣ ወደ ቦሌ ታጠፍን፤ ኬክ ቤቱ ገና ሳይከፈት ደረስን። አባቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ። ዞሮ የታንከሩን ክዳን ከፈተ።

«ፌስታሉስ?» አለኝ።

«ጣልኩት።»

ክዳኑን በእጁ አገላበጠ። «እሱ ነበር እንዴ?»

«እሱ ነበር» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«አራት መካኒክ!» አለና ፒካፗን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የኬክ ቤቱ ዘበኛ ወጥቶ አየን። መቼ እንዳወቅኩ አባቴ አልጠየቀኝም። ያን ቀን ለገዢው አትምጣ ብሎ ላከበት፤ ስንመለስም መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳርፎ፣ እንደ ወጣት ነዳ። ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ጉርድ ሾላን በመስኮት አየሁት፤ ባሕር ዛፎቹ ሳንቆምላቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደግሞ ከፍቶኝ ነበር። ጥያቄዬም እዚያው የቀረ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ከጎሮ በሰዓታችን ወጣን። ሞተሯ ጤነኛ ነበረች። ጉርድ ሾላ ስንደርስ አባቴ ወደ ዳር አወጣት። እጁ ቁልፉን ወደ ኋላ ሲያዞር በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሞተሯ ጸጥ አለች።

«ጠፋች» አለ፣ ፊት ለፊቱን እያየ።

«ጠፋች» አልኩ እኔም።

የወተቱ ብረት ከኋላ ጠቅ ይላል። «የሰው ድምፅ በወሬ አይነገርም» አለ በመጨረሻ። «ስትሰፋ ግን ታንጎራጉር ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ጀመረ። ዜማው ቃል አልነበረውም። ቀኝ እጁ ባዶ አየር ላይ የስፌት መኪና እጀታ ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ጨርቁ የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ ዜማውም እጁም አብረው ይቆማሉ፣ ከዚያ አዲስ ስፌት ይጀምራሉ። አባቴ ማዜም የማይችል ሰው ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ ተመለሰና ደግሞ ሞከረው፤ ሁለተኛም ተሰበረ። «እሷ ይህንን ቦታ ቀጥ አድርጋ ነበር የምታልፈው» አለኝ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሆኖ።

አባቴ ካለፈ ቆየ። የእናቴን ድምፅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ጎርናና ነው፣ የሽማግሌ ሰው ድምፅ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ የሚሰበር።