በሁዳዴ የሞተችው ጫጩት

ይህን ለወዳጅም ለዘመድም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ክፉ ሐሳቡን ሁሉ ስዘረዝር እሷን ዘልያት አልፋለሁ። እሷ የጥንብ አንሳ ጫጩት ነበረች። የገደልኳትም እኔ ነኝ።

ደብረ ታቦር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጥንብ አንሳዎች እያለቁ መሆናቸውን፣ በሌላ አገር በሽቦ ቤት እያራቡ እንደሚለቋቸው በሬዲዮ ሰማሁና እኔም አደርገዋለሁ አልኩ። ማን ፈቀደልኝ? ማንም። ምን አውቄ? ምንም። ስሜ በከተማው እንዲነሣ ፈልጌ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከጉና ግርጌ፣ ጋሼ ደሴ ከሚባሉ ገበሬ ማሳ በላይ ያለው ገደል ላይ ጥንብ አንሳዎች ጎጆ ነበራቸው። ጋሼ ደሴ ወፎቹን ማንም በድንጋይ እንዳይነካቸው ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ጫጩቷን ላሳድጋትና ላራባት ነው ብዬ ለመንኳቸው፤ አመኑኝ። ከጎረቤታቸው ጋር ሆነው በገመድ አወረዱኝ። በዓመት አንዴ የምትፈለፈለውን አንዲት ጫጩት ታቅፌ ወጣሁ። እናትና አባቷ ከላያችን ሲዞሩ አየሁ፤ አይቼም ሄድኩ።

መጀመሪያ ሁሉም ደግ ነበር። ጓሮዬ ውስጥ የሽቦ ቤት ሠራሁላት። ጎረቤቱ ምን እናግዝ እያለ ይመጣል፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ቅንጥብጣቢውን በነጻ ይሰጠኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ አስጎበኛለሁ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። የተማረ ሰው ይህን አስቀድሞ አያስብም? እኔ አላሰብኩም።

የሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ግን ክፍት ነበር። ጾሙ የሚከለክለው እኔ እንዳልበላ ነው፤ ወፍ እንዳላበላ አይደለም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ነገር ግን በሁዳዴ ሥጋ አንጠልጥዬ ስወጣ ሰው ቢያየኝ? መምህሩ ጾም ገደፈ ቢባል? በሩ ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። በሽሮ የተለወሰ እንጀራ ሰጠኋት፤ አልነካችውም። ምስር ሰጠኋት። በኋላ ማየቱ ሲከብደኝ ወደ ጓሮ መውጣቱንም ተውኩ። ለይሉኝታዬ ብዬ አስራብኳት፤ በረሃብ ሞተች።

ቀበርኳትና ለጠየቀኝ ሁሉ አዲስ አበባ ወደ ማራቢያ ልኬያታለሁ አልኩ። ሰዉም የድርሻውን የተወጣ መስሎት ደስ አለው። እንዴት እንርዳ ብለው ለጠየቁኝ ልነግራቸው የሚገባው ቀላል ነበር፦ ጎጇቸውን አትንኩ፤ ጅብ ለመግደል ብላችሁ ጥንብ ላይ መርዝ አታድርጉ፤ የቆሰለ ወፍ ስታገኙ ለባለሙያ ንገሩ እንጂ ቤታችሁ አታስገቡ፤ ማራባቱን ለሚያውቁትና ለተፈቀደላቸው ተዉት፣ እነሱን አግዙ። ይህን ብናገር ያንተዋስ የት ደረሰች እባላለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። እኔ የፈራሁት ያችን አንዲት ጥያቄ ነው፤ ስንቱ ወፍ በዝምታዬ እንደሞተ ግን ማን ያውቃል?

ፋሲካ ባለፈ ቁጥር ጋሼ ደሴ ካረዱት በግ ቀንሰው ያደረቁትን ቋንጣ በፌስታል ይዘውልኝ ይመጣሉ። ዘንድሮም መጡ።

«መምህር፣ ያች ልጃችን ወለደች ወይ?»

«ደኅና ናት ጋሼ።»

«እንግዲያ ይችን ላክላት። ያገሯን ሥጋ ትቅመስ።»

አመስግኜ ተቀበልኳቸው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ፤ ፊት ለፊቴ ቆመውም ነበር። ሲሄዱ በሩን ዘጋሁና ቋንጣውን እኔው በላሁት፤ በየዓመቱ እንደማደርገው።